የደሚቱ ዋስ ነበርኩ

ጋሼ ወንድይፍራው ሞተ። ነፍስ ይማር። ክርስቲያን ነኝና ይህችን አልነፍገውም፤ ከዚች በላይ ከኔ የሚጠብቅ ካለ ግን ደጅ ተሳስቷል።

ወሬውን የነገረችኝ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደሚቱ ናት። ኡካ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትደውል እኔ ሱቄ ውስጥ ሳሙና እየደረደርኩ ነበር። «ጥሩዬ፣ ጋሼ አረፉ። ነገ ጎሬ ነው የሚቀበሩት። አብረን እንሂድ?» አለችኝ።

«አልሄድም» አልኳት።

«ተይ እንጂ! የሞተ ሰው አይወቀስም እኮ።»

«ማን ወቀሰው? አልሄድም ነው ያልኩት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ግን እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። አንዲት ደንበኛዬ ዘይት ብትለኝ ስኳር ሰጥቻት «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ።

የሞተ ሰው አይወቀስም ይላሉ። ቆይ፣ ለምን አይወቀስም? በሕይወት እያለ ታላቅ ነው፣ አይወቀስም። ሲተኛ በሽተኛ ነው፣ አይወቀስም። ሲሞት ደግሞ ሟች ነው። ታዲያ መቼ ነው የሚወቀሰው? በፊቱ ዕድሜ ልኬን አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን «እሱ» ነው የምለው፤ የሚቀየም ካለ ይቀየም።

ኢሉባቦር መቱ ውስጥ ለብዙ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። የጎሬ ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ እንደኛ ዘመዶች ድሮ ከሰሜን የመጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ጃንጥላ ከእጁ የማይለይ። ጠመኔውን በመሐረብ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይይዛል። አማርኛውን የሰማ አዲስ አበባ ያደገ ይመስለዋል፤ ኦሮምኛውን የሰማ ደግሞ ገጠር ከብት ሲጠብቅ ያደገ። ተማሪ አይመታም፣ አይሳደብም። እንዲያውም ቢመታን ይሻል ነበር። መልስ ስትሳሳት ጀርባውን ይሰጥህና በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል፤ ተናግረህ፣ ተንተባትበህ፣ አፍረህ እስክትቀመጥ ድረስ ዘወር አይልም። መልስህ ትክክል ከሆነም «ጎበዝ» የምትባል ቃል ከአፉ አትወጣም። መሐረቡን አውጥቶ እጁን ይጠርጋል፤ በቃ። ያችን መሐረብ ለማየት ስንት ልጅ ሌሊት ሲያጠና እንዳደረ እኔ አውቃለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ክፍሉ ሁለት ነበር ማለት ይቻላል። እኛ የከተማ ልጆች እስከ ስምንተኛ በአማርኛ ተምረናል። ከኖፓ፣ ከኡካና ከየገጠሩ መጥተው መቱ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ደግሞ በኦሮምኛ ተምረው ነው የመጡት። ዘጠነኛ ላይ ሁሉም ነገር፣ ባዮሎጂው፣ ጂኦግራፊው፣ ሒሳቡ፣ ባንዴ እንግሊዝኛ ሆነ። እኛ በነሱ እንስቃለን፤ እነሱ በኛ ይስቃሉ፤ እንግሊዝኛው በሁላችንም ይስቃል። ሌሎቹ መምህራን ጥቁር ሰሌዳውን ሞልተው «ገልብጡ» ይሉና ይወጣሉ። እኛም እንገለብጣለን። ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እሱ የተለየ ሆኖ መጣ። የተለየ መሆኑንማ አልክድም።

መቱ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም። በመጀመሪያው ሳምንት መሐል ትምህርት ላይ ዝናቡ ወረደ። ሌላ መምህር ቢሆን ይጮህ ነበር። ጋሼ ወንድይፍራው ጠመኔውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ዝም አለ። ዝናቡ ጋብ ሲል እንዲህ አለን፦

«ይሄ ዝናብ ከኔ ድምፅ ይበልጣል። ስለዚህ በየዴስኩ አንድ አስተማሪ ያስፈልገኛል። ሰው ሥራ ሲቀጠር ዋስ ያመጣል አይደል? እዚህ ክፍል እንግሊዝኛ የሚማርም ዋስ ይኖረዋል።»

ከዚያ አስነስቶ ደለደለን። በአማርኛ የተማረውን በኦሮምኛ ከተማረው ጎን፣ ጠንከር ያለውን ደከም ካለው ጎን። ለኔ ደሚቱ ደረሰችኝ። ከኖፓ የመጣች፣ አንገቷን የደፋች፣ ስሟን ስትጠራ እንኳ የምታፍር ልጅ። እኔ ዋስ፣ እሷ ዋስ የተጠራላት። ደንቡ ይሄ ነው፦ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ አንብቤ ለደሚቱ በኦሮምኛ እነግራታለሁ፤ በአማርኛ መንገር ክልክል ነው። እሷ የገባትን መልሳ ለኔ በአማርኛ ትነግረኛለች፤ በኦሮምኛ መንገር ክልክል ነው። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተን ሁለታችንም በእንግሊዝኛ። ዝናብ ሲመጣ አፍና ጆሮ ገጥመን፣ ክፍሉ ሙሉ እንደዚያ።

«የገባሽ መሆኑን የማውቀው በሰው ቋንቋ ስትናገሪው ነው» ይል ነበር። «በራስሽ ቋንቋማ ያልገባሽንም ታወሪዋለሽ።»

ይችን አባባል ደሚቱ ዛሬም ትጠቅሳታለች። እኔ ስሰማት ደሜ ይፈላል፤ ምክንያቱም ደንቡ እዚያ ላይ አላበቃም። የዓመቱን የቃል ፈተና ዋሱ አይፈተንም። የሚፈተነው ዋስ የተጠራለት ነው። «እሷ ያገኘችውን ታገኛለሽ» አለኝ። «ብትወድቅስ?» አልኩት። «ዋስ ምን ማለት እንደሆነ አባትሽን ጠይቂ» አለኝ።

አባቴን መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ የኔ ዕድል ያለው እሱው እጅ ነው። አባቴ ያን ዓመት «ዘጠነኛን አንደኛ የወጣ ልጅ ካለኝ ጅማ አክስታችሁ ጋ ልኬ ጥሩ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ» ብሎ ቃል ገብቶልን ነበር። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ከአንደኝነት ወርጄ አላውቅም። ጅማን በሕልሜ ሳይቀር አይቻታለሁ። ሻንጣዬን ራሱ መርጬ ነበር፤ የእናቴን ቡናማ ሻንጣ። አሁን ያ ሁሉ በአንዲት የኖፓ ልጅ አፍ ላይ ተንጠለጠለ። የማይናገር አፍ ደግሞ!

እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ተያያዝኩት። የኔ ኦሮምኛ በአባቴ ሱቅ የለመድኩት የሱቅ ኦሮምኛ ነበር። «ሜቃ» ሲሉኝ ዋጋ እናገራለሁ፣ «ሶጊዳ» ሲሉኝ ጨው እመዝናለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን አላውቅም። በሱቅ ኦሮምኛ ስለ አየር ንብረት ሳስረዳት ደሚቱ በመጀመሪያ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፣ ቀጥሎ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ተናደድኩ። «ምን ያስቃል?» ብላት እንባዋን እየጠረገች «ደመናውን በኪሎ መዘንሽው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የተግባባነው። እሷ የኔን ታቃናለች፣ እኔ የሷን።

አንድ የገበያ ቀን ጋሼ ወንድይፍራው ሁላችንንም ወደ ገበያ ላከን። «ሁለት ሴቶች ሲከራከሩ ስሙ። ተመልሳችሁ በእንግሊዝኛ አከራክሩልኝ» አለ። እኔና ደሚቱ አንዲት ጎመን የምትሸጥ ሴትዮ አጠገብ ቆመን ስናዳምጥ ሴትዮዋ ጎመኑን ልንሰርቅ የመጣን መስሏት በኦሮምኛ ስድቡን አወረደችብን። ደሚቱ በእፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች፤ ታላቅ ሴት ስትቆጣ ዝም ነው የሚባለው። እኔ ግን እያንዳንዱን ስድብ ያዝኩት። በማግስቱ ሴትዮዋን ሆኜ በእንግሊዝኛ ስሳደብ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዘወር ብዬ አየሁት፤ መሐረቡን አውጥቶ እጁን እየጠረገ ነው። ደስ አለኝ። እውነቱን ከተናገርኩ ያን ያህል የተደሰትኩበት ቀን በሕይወቴ ብዙ የለም። ያንን ስለሰጠኝም ነው የምጠላው፤ ሰጥቶ የሚነጥቅ ሰው ካልሰጠው ይብሳል።

ወደ ዓመቱ መጨረሻ ስለ ንብ አንድ ጽሑፍ አነበብን። ንብ አበባ ያለበትን ቦታ ስታገኝ ቀፎዋ ተመልሳ እየተሽከረከረች ለጓደኞቿ እንዴት እንደምትናገር የሚያስረዳ። እኔ ግማሹ አልገባኝም ነበር። የደሚቱ አባት ግን ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። ዝናቡ ከላይ እየወረደ ደሚቱ ጣቷን ዴስኩ ላይ እያሽከረከረች የንቧን ነገር በዚያ ባቀናሁት አማርኛዋ ነገረችኝ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ሳትሳሳት፣ ሳታፍር። ዋሱ እኔ ነኝ፣ ያስተማረችኝ ግን እሷ ናት። ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አወጣሁና አቧራውን ጠረግሁት። ጅማ ገባሁ ማለት ነው ብዬ አመንኩ።

የፈተናው ቀን ዝናብ እንኳ አልነበረም። የቃል ፈተናው አንድ አንድ እየተጠራ፣ ዋሱ ከኋላ ቆሞ እያየ ነው። ደሚቱ ወጣች። ስለ ንቧ ጠየቃት። ተናገረች፤ ምን የመሰለ እንግሊዝኛ! ከኋላ ቆሜ እጄን ጨብጫለሁ። ጨረሰች። መሐረቡን ሊያወጣ ነው ብዬ ስጠብቅ እጁን ወደ ጆሮው ኋላ አደረገና በእንግሊዝኛ እንዲህ አላት፦ ንቧ እንግዲህ አበባውን ያገኘችበትን ቦታ ለማንም አትናገርም፣ ደብቃ ትይዘዋለች፤ የስ?

ደሚቱ አየችው። ከዚያ መሬት መሬት አየች።

«የስ ቲቸር» አለች።

«የስ?» አላት ደግሞ፣ እጁ ጆሮው ላይ እንዳለ።

«የስ ቲቸር።»

ጀርባውን ሰጠንና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ዜሮ። ሙሉውን የቃል ፈተና ዜሮ፣ ለሷም ለኔም።

ለሁሉም ተማሪ እንደዚያ ነበር ያደረገው፤ በሚያውቁት ነገር ላይ ሆን ብሎ ውሸት ይናገርና «የስ?» ይላል። ጨዋ ያሳደገው ልጅ ሁሉ «የስ ቲቸር» እያለ ወደቀ። አባትና እናቱ «ታላቅን አትመልስ» እያሉ ያሳደጉት የኢሉባቦር ልጅ መምህሩን ፊት ለፊት «ውሸትህን ነው» ሊል ነው? በየትኛው አፉ! «ኖ» ያለው የክፍላችን ባለጌ ነው፤ ለናቱም የሚመልስ፣ ለዘበኛውም የሚመልስ። ለሱ ዋስ የሆነችው ልጅ አንደኛ ወጣች። እኔ ጨዋ ልጅ ደርሳኝ ዕድሌ ገደል ገባ። እስቲ ፍርዱን እናንተ ስጡት!

ደሚቱ ሱቃችን ድረስ መጥታ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። «እያወቅኩ እኮ ነው፣ ጥሩዬ። ግን ሽማግሌ ሰው እንዴት ብዬ ውሸታም ልበል? በኦሮምኛስ "ላኪ" ብዬ፣ አይደለም ብዬ አላውቅም፤ በእንግሊዝኛ ከየት አምጥቼ "ኖ" ልበል?» አለችኝ። እኔም ብሆን የስ ነበር የምለው። እሷን አንድ ቀን አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት ወጥመዱን ያጠመደውን ነው።

አባቴ ካርዴን አይቶ አጠፈና ኪሱ ከተተው። ኮቱን ለበሰና «ነይ» ብሎ ይዞኝ ትምህርት ቤት ሄደ። አባቴ ለሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ነጋዴ ነው። ቆቡን አውልቆ «መምህር፣ ልጄ በጓደኛዋ ጥፋት መቀጣቷ ነው ወይ?» አለው።

«ልጅዎ ለጓደኛዋ ሁሉን ነገር አስተማረቻት» አለ ጋሼ ወንድይፍራው። «አይደለም ማለትን ግን አላስተማረቻትም። ታላቅ ሰው ሲሳሳት አይደለም ማለት የማይችል ሰው በሦስት ቋንቋ ቢናገር፣ በሦስት ቋንቋ ዝም አለ ማለት ነው።»

«ጌታዬ፣ ለታላቅ አይደለም ማለት በኛ ዘንድ ነውር ነው። እሷን ያላስተማርኳት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ዜሮው የእርስዎ ነው» አለው።

ለአባቴ! ቆቡን በእጁ ይዞ ለቆመ ሰው! አባቴ እጅ ነስቶ ወጣ። ቃሉ ግን ቃል ነው፤ አንደኛ አልወጣሁም፣ ጅማ አልሄድኩም። በሚቀጥለው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ዘጠነኛን አንደኛ ወጣና በቡናማው ሻንጣ እሱ ሄደ። እኔ እዚያው ሱቅ ቀረሁ፤ ከሱቁም እስከ ዛሬ አልወጣሁም። ስለ ራሴ ይሄ ይበቃል።

ያኔ በጣም ጠልቼው ነበር። ግን ከልቤ የጠላሁት በዚያ ቀን አይደለም። ያ የሆነው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው።

አሥረኛ ላይም የሚያስተምረን እሱው ነበር፤ የዋሱ ደንብም ደሚቱም እዚያው። አንድ ቀን ከላይ የተላከ ተቆጣጣሪ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ዝናቡ ወረደ፤ እኛም እንደለመድነው አፍና ጆሮ ገጠምን። ክፍሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ጉም ጉም ይላል። ተቆጣጣሪው ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠበቀና ተነሳ።

«ይሄ ክፍል ነው ገበያ?» አለ። «ልጆች እንግሊዝኛ የሚለምዱት እንግሊዝኛ ብቻ ሲሰሙ ነው። ሌላው ቋንቋ ከበር ውጭ ይቆይ። አይደለም እንዴ መምህር?»

ሁላችንም ጋሼ ወንድይፍራውን አየነው። ሌላው ቀርቶ ደሚቱ እንኳ ቀና ብላ አየችው። አሁን ይነግረዋል፣ አሁን «አይደለም» ይለዋል፤ ለዚች ቃል አይደል እንዴ የኔን ጅማ የበላው! እሱ ግን ጠመኔውን በመሐረቡ ጠቀለለ፤ ቀስ ብሎ ነው የጠቀለለው።

«የስ ሰር» አለ።

አይ ጀግና! አይ የኛ ጀግና! በማግስቱ ዴስኮቹ ተለያዩ፤ ፊታችንን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙረን በመስመር ተቀመጥን። ዝናብ ሲመጣ ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ ይቆማል፤ እኛም ቁጭ ብለን ቆርቆሮውን እንሰማለን። በቃ እሱ ሆነ ትምህርታችን። ከኖፓ የመጡት ልጆች ወደ ዝምታቸው ተመለሱ፤ የከተማዎቹም ወደ መገልበጣቸው። ለኔ ዜሮ የሰጠበትን ነገር እሱ ራሱ በአንድ ቃል ሸጠው። የሚሸጠው ከሆነ ለምን እኔን አስከፈለኝ?

አንድ ቀን ዝናቡ ሲበረታ ደሚቱ ከኋላዬ ካለው ዴስክ አንገቷን አስግጋ በጆሮዬ የሆነ ነገር በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። መለስኩላት። ቀና ስል ጋሼ ወንድይፍራው እያየን ነው። ምንም አላለም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እኛ ግን የተሳሳትነው ነገር አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። ደሚቱ ተምራ መምህርት ሆነች። ኡካ ባለው ክፍሏ ዋስ የሚባለውን ነገር ታደርገዋለች፤ የኦሮምኛውን ልጅ ከአማርኛው ጋር፣ አፍና ጆሮ። አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ በመስኮት አይቻለሁ። ነገር ግን የሰው ነጥብ ለሰው አትሰጥም። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ? ልጆቹ ፊት ቆማ ውሸት ትናገራለች፤ «ፀሐይ በማታ ትወጣለች፤ የስ?» ትላለች፤ ልጆቹም እየሳቁ «ኖ ቲቸር!» እያሉ እንዲጮሁባት ታደርጋለች። መጀመሪያ ታስተምራለች፣ ኋላ ትፈትናለች። ይሄ ነው ልዩነቱ! ይህን ያህል ቀላል ነበር! ይህን ስላት «ከሳቸው እኮ ነው የተማርኩት» ትለኛለች። ከዜሮው ነው የተማርሽው እላታለሁ። «አንቺኮ ከሳቸው ሌላ የምታወሪው ሰው የለሽም፤ ባል ቢሆኑሽ እንኳ እንደዚህ አታነሻቸውም ነበር» ብላ ትስቅብኛለች።

ባለፈው ክረምት ታሟል ብላ ጎትታ ጎሬ ወሰደችኝ። ተኝቷል። አልጋውን ከመስኮቱ ሥር አስጠግተውለታል። ያ ረጅም ሰው አልጋው ውስጥ ጠፍቷል። ደሚቱ ከእህቱ ጋር ልታወራ ወደ ጓዳ ስትገባ ሁለታችን ቀረን።

«ተቆጣጣሪው የመጣ ቀን» አለኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «አይተሽኛል።»

«አይቻለሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ። እያንዳንዱ ዝናብ ሲጥል ፊትሽ ይመጣብኛል።»

ስንት ዓመት ሙሉ፣ ሳሙና ስደረድር፣ ጨው ስመዝን፣ ለዚህ ሰው የምለውን ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። አባቴን ላንሳበት? ሻንጣውን ላንሳበት? ደሚቱ በሩ ላይ ቆማ ያለቀሰችውን? ሁሉም አፌ ላይ ነበር። እሱ ያን ቀጭን እጁን አነሳና ጆሮው ኋላ አደረገ። በእንግሊዝኛ፣ ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ፤ የስ? አለኝ።

የእጁን አንጓ አየሁት። አጥንት ብቻ ነው። እናቴ «በሽተኛን አያስከፉም» እያለች ነው ያሳደገችኝ።

«የስ ቲቸር» አልኩት።

እጁን አላወረደም። «የስ?» አለኝ ደግሞ።

«የስ ቲቸር።»

«ወደቅሽ» አለኝ በአማርኛ፤ ፊቱንም ወደ መስኮቱ አዞረ።

እስኪ አሁን ይሄ ሰው ይወደዳል? ልሞት ነው ብሎ ተኝቶ እንኳ ሰው ይጥላል? ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ መቱ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ነው የሄድኩት። ደሚቱ «ምን አሉሽ?» ብትለኝ አልነገርኳትም። ሰው እንዴት ሁለት ጊዜ በአንድ ጥያቄ ይወድቃል? ዳግመኛ ሄጄ መልሱን ልነግረው ስንት ጊዜ ከሱቅ ተነሳሁ፤ ስንት ጊዜ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ይኸው ሞተ።

ሄድኩ እንግዲህ፣ ምን አባቴ ላድርግ! ስልኩን ከዘጋሁባት በኋላ ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጧት ሱቁን ዘጋሁና ጎሬ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለሱ ብዬ አይደለም፤ ደሚቱ ብቻዋን እንዳትቆም ነው። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። ትጉህ ነበሩ፣ ቅን ነበሩ፣ ተማሪዎቻቸውን እንደ ልጅ ይወዱ ነበር። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እንደ ልጅ! ስለ ዋስ አንድ ቃል የለም። ስለ ተቆጣጣሪውም የለም። ያ የተነበበለት ሰው ማን እንደሆነ እኔ አላወቅሁትም። ያስተማረኝ ሰው እሱ አይደለም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ተሰጥቶን ተቀመጥን። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የሟች የሥራ ባልደረባ የነበሩ፣ ወደኔ ዞር አሉ። ዙሪያውን የተቀመጠውም ሰው ጆሮውን ሰጠ።

«አንቺም ተማሪያቸው ነበርሽ አሉ፣ ልጄ። መቼም ጥሩ አስተማሪ ነበሩ፤ አይደል?»

ይቺው ናት። ያቺው ጥያቄ። ሽማግሌው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ዓይናቸው በእንባ ቀልቶ፣ «አዎ» እንድላቸው ይጠብቃሉ። ድንኳኑ በሙሉ ይጠብቃል።

«አይደሉም» አልኩ።

ንፍሮ ማላመጡ ቆመ። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አንዲት ሴትዮ «ኧረ በስመ አብ!» አለች። እኔም ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፤ በለቅሶ ቤት፣ በታላቅ ሰው ፊት! ደሚቱን አየኋት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ዴስኩ ላይ ተደፍታ እንደሳቀችው ይሁን ወይም እያለቀሰች ይሁን መለየት አቃተኝ። ከዚያ ነጠላውን ገለጠች። ሁለቱም ነበር። ቀስ ብላ እጇን አነሳችና ጆሮዋ ኋላ አደረገች።

«የስ?» አለችኝ።

«ኖ ቲቸር» አልኩ፤ ይህን ብዬም ለዚያ ክፉ ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩለት።